«ቤቱ በስሜ ነው፤ ከወጣሽ ባዶ እጅሽን ነው»

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። ሁለተኛውን ስወልድ ሥራዬን አስተወኝ። አሁን የአስቤዛ ብር እንኳ ቆጥሮ ነው የሚሰጠኝ፤ ሲቆጣም ይመታኛል። ቤቱን የገዛነው ከተጋባን በኋላ ነው፤ የእኔ ዕቁብም ገብቶበታል። ካርታው ግን በስሙ ስለሆነ «ከወጣሽ ባዶ እጅሽን ነው» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነት አይደለም።

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 63፣ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «የግሌ ነው» ካለ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ደመወዝ አለማምጣትሽ ይህን አይለውጠውም። በትዳር ውስጥ የሚያገኘው የእሱ ደመወዝ ራሱ የጋራችሁ ነው። የዕቁቡን ነገር የሚያውቅ ሰው ካለ ግን ምስክር ይሆንሻልና ስሙን ያዢ።

«ጥላ የወጣች መብቷን ታጣለች» የሚባለውም ከድሮ የቀረ ወሬ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ጥፋተኛ የተባለውም በንብረት ሊቀጣ ይችል ነበር። ዛሬ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ዱላ ሸሽተሽ ብትወጪ የቤቱ ድርሻሽ አብሮሽ አለ።

ብዙ እህቶች «ሥራ እስካገኝ ልታገሥ» ሲሉ እሰማለሁ፤ ያሳዝነኛል። አንቺ ይህን አትጠብቂ። አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ የፍቺ አቤቱታው እንደደረሰው ስለ አንቺ ቀለብ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ይህን በአቤቱታሽ ላይ በግልጽ ጠይቂ። ቤቱ እንዳይሸጥ እግድም ጨምሪበት። ከቤት መውጣት ያለበት ማን እንደሆነ ሲታይ ደግሞ ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ የበለጠ የሚጎዳውን ያያል። ዳኛው ለማስታረቅ ሊሞክር ይችላል፤ የማሰላሰያ ጊዜ ቢሰጥም ከሦስት ወር አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እንድታድሪ የሚያስገድድሽ የለም። ስለ ዱላው ለዳኛው ሳታፍሪ ንገሪው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርሽ። የአንቺ ቀለብ ፍቺው ሲወሰን ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀርልሽ የንብረት ድርሻሽና የልጆቹ ቀለብ ነው። ፍቺው በእሱ ጥፋት የመጣ መሆኑ ከታየ በአንቀጽ 84 ካሳ ሊወሰንልሽ ይችላል። ስለዚህ ክርክሩ እያለ ሥራ መፈለግ ጀምሪ።

ዱላው ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በስም ጠቅሶ ያስቀጣል። በተመታሽ ጊዜ አትደሪ፤ ለፖሊስ አመልክቺና ሐኪም ቤት ሂጂ። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ለእናንተ ቅርብ ነው። የሕክምና ማስረጃው ለፍቺውም ይጠቅምሻል።

የዳኝነት መክፈያ የለኝም ብለሽ አትቅሪ። ከወረዳሽ የድህነት ማስረጃ ይዘሽ በደሃ ደንብ እንድትከሺ መጠየቅ ትችያለሽ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ማደሪያ ካጣሽ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ከነልጆቻቸው ያስጠልላል።

አቤቱታሽን ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ታቀርቢያለሽ። ከአዲስ አበባ ወሰን ወዲያ ሸገር ከተማ ውስጥ ለሚኖሩ አንባቢዎች ግን የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ የሚያየውም የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው።

ዛሬ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የጋብቻ ማስረጃውን፣ የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬትና የካርታውን ኮፒ ለምታምኛት ሰው ስጪ። ካርታውን ከቤት አውጥተሽ ኮፒ ማድረግ ካልቻልሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺውና ላኪላት፤ ከስልክሽ ላይም አጥፊው።