ከማሽኑ በፊት ሰዎቹን እወቁ

ውድ ልጆቼ፣

በጎንደር ፕላስቲክን መልሶ ጥቅም ላይ የማዋል ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ወጣቶች እየበዛችሁ መምጣታችሁ ደስ ያሰኘኛል። ዕድሜዬን በአካባቢ ጤና ሙያ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልለምናችሁ። የመፍጫ ማሽን ዋጋ ከማጠያየቃችሁ በፊት ሥራውን ዛሬ የያዙትን ሰዎች እወቋቸው።

ቆራሌው ማዳበሪያውን ተሸክሞ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። የሃይላንድ ጠርሙስ ስትለይ የምትውለውን እናት ደግሞ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ክዳኑን ትፈታለች፤ አንገቱ ላይ የቀረውን ቀለበት በቢላዋ ትቆርጣለች፤ ወረቀቱን ልጣ ነጩን ከሰማያዊው ትለያለች። ጠርሙሱና ክዳኑ ዓይነታቸው ለየቅል ነው፤ ጠርሙሱ ለመቅለጥ 250 ዲግሪ ገደማ ሲፈልግ ክዳኑ ከ170 በታች ይቀልጣል። ከተቀላቀሉ ምርቱ ይበላሻል። እናንተ ለፋብሪካ የምትሸጡትን ጥራት የምትፈጥረው እርሷ ናት።

እጇ ግን ጓንት የለውም። ከየቤታችን በሚወጣው ፌስታል ውስጥ ስባሪ ብርጭቆ፣ ምላጭ፣ አንዳንዴም መርፌ አለ። መንጋጋ ቆልፍ በአንዲት ጭረት ይገባል፤ መከላከያው ደግሞ ክትባት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲያልቅ፣ የተቀበሩት ከሥሩ ይኖሩ የነበሩ ድሆች ናቸው።

እኛ ጎንደሮች ይህን በደል እናውቀዋለን። የወለቃ ቤተ እስራኤሎች ማረሻ ቀጥቅጠው፣ ድስትና እንስራ ሠርተው አኖሩን። በማረሻቸው አርሰን በድስታቸው ወጥ እየሠራን በቡዳነት ጠረጠርናቸው። ዛሬ ቆራሌውን ከበር ላይ ስንጠራው ያንኑ ንቀት በድምፃችን ስሰማ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ማኅበር ስታቋቁሙ አባል አድርጓቸው፤ ጉልበታቸውን ብቻ አትግዙ። ከትርፉም ይድረሳቸው። ሚዛኑ ሻጩ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ፤ ማንበብ ለማይችልም ቁጥሩ ይነገረው። ጓንቱና ክትባቱ ከመነሻ ወጪያችሁ ይቆጠር፤ ይህን ለበኋላ የሚል ሰው በኋላም አያደርገውም።

ቤታችሁንም አትርሱ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቤተሰብ መልሶ የሚያገለግለውን ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር። ምላጩንና ስባሪውን በጣሳ ለብቻ አድርጉት፤ ቆራሌው ሲመጣም የቱ ጣሳ እንደሆነ አሳዩት።