ኮንዳክቲቪቲው ጉድጓዱ ጋ ሌላ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሌላ ለሆነብህ

ወንድሜ፣ የውሃውን ኮንዳክቲቪቲ (ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙን) ስለካ ያው ናሙና ጉድጓዱ ጋ 1890፣ ላቦራቶሪ ውስጥ 1380 ማይክሮሲመንስ አሳየኝ፣ ሜትሩ ተበላሽቶ ይሆን ብለህ ጠይቀሃል። ሜትርህ ደህና ነው፤ የሙቀት ማረሚያው፣ ማለት ንባቡን ወደ 25 ዲግሪ የሚመልሰው፣ ጠፍቶ ነው። እንደኔ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው የምትሠራው ብዬ ልያዝ፤ እዚያ ትኩስ ውሃ የሚያወጣ ጉድጓድ ብዙ ነው።

1. ከቁጥሩ ጎን ሙቀቱን ጻፍ። ውሃ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ አዮኖቹ (ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት የሟሙ ቅንጣቶች) እንደልብ ይንቀሳቀሳሉ፣ ኤሌክትሪክም በቀላሉ ያልፋል። የመዳብ ሽቦ ሲሞቅ ግን ተቃራኒው ነው የሚሆነው። ለእንዲህ ዓይነት ውሃ ከ25 ዲግሪ በራቀ ቁጥር በአንድ ዲግሪ 2 በመቶ ገደማ ያዝ። ጉድጓዱ ጋ 38 ዲግሪ ከነበረ 1890ን ለ1.26 አካፍል፤ 1500። ላቦራቶሪው 21 ከነበረ 1380ን ለ0.92 አካፍል፤ ያው 1500። ከታረመም በኋላ ከተለያየ የጠርሙሱን ታች እይ፤ ነጭ ኖራ ዘቅጦ ይሆናል።

2. ሪፖርቱ ላይ "በ25 ዲግሪ" ብለህ በጉልህ ጻፍ። እኔ ሙቀቱን በየመስመሩ ጽፌ እንኳን አንድ ቢሮ ያሉ ኃላፊ ያንን አምድ ሳያዩ የጉድጓዱንና የላቦራቶሪውን ቁጥሮች በቀይ እስክሪብቶ ከበው "ከራሳችሁ ፈጥራችሁ ነው" አሉኝ። ቁጭ በል እንኳን አላሉኝም። የወር ሥራችንን ነበር ውሸት ያሉት! በማግስቱ ሜትሩንና የተረፈውን ናሙና ይዤ ተመለስኩ። ከታች ካለው ሻይ ቤት ሙቅ ውሃ በሳህን አስመጣሁና ጠርሙሱን ነከርኩት። ማረሚያውን አጠፋሁ፤ ቁጥሩ ዓይናቸው እያየ ሽቅብ ወጣ። አበራሁት፤ 1500 አካባቢ ረጋ። ይቅርታ አልጠየቁም፣ ግን ፈረሙ። ዛሬም ያኮራኛል።

እና ማረሚያው በርቶ ከሆነ አንተ ደግመህ አታካፍል። ብዙ ሰው ውሃውን ሁለቴ እያረመ ነው ቁጥሩን የሚያበላሸው።

ሌላው የማስተካከያ ፈሳሹ ነው፤ ኮንዳክቲቪቲው የታወቀ፣ ሜትሩን የምታስተካክልበት ፈሳሽ። ጠርሙሱ ላይ ያለው 1413 ለ25 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በ20 ዲግሪ 1278 ነው። ማረሚያው ጠፍቶ፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ መኪና ውስጥ አውጥተህ 1413 ብለህ ካስተካከልክ የቀኑ ንባብ ሁሉ ይንጋደዳል። ጥላ ውስጥ አቆየው፣ ፕሮቡን (የሜትሩን መለኪያ ዘንግ) ንከርና ሙቀቱ እስኪረጋ ጠብቅ።