ከስብሰባው ፎቶ ይልቅ የእናቲቱን ጥያቄ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። «የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤታችንን የፌስቡክ ገጽ ተረክቤያለሁ። ተከታይ አለን፤ ላይክ የሚያደርጉት ግን የራሳችን ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ምን ላድርግ?» ነው ያልሽው። በጤና ቢሮ ኮሙዩኒኬሽን ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሺኝ።

መጀመሪያ የገጻችሁን ፖስቶች ወደ ታች እያወረድሽ ተመልከቺ። ምን ያህሉ ስብሰባ ነው? ባነር፣ የተደረደሩ ኃላፊዎች፣ «የምክክር መድረክ ተካሄደ»። ይህን የሚያነበው እዚያው አዳራሽ የነበረ ሰው ነው። ልጇን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጠው ያደረባት እናት ከዚህ ምንም አታገኝም።

በኮሌራ ወቅት ያየሁትን ላሳይሽ። አንዱ ፖስት «የኮሌራ መከላከልና መቆጣጠር የንቅናቄ መድረክ ተካሄደ» ይላል። ሼር ያደረገው የለም። በማግስቱ ይህን ለጠፍን፦ «ልጅዎ እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥ ከያዘው አይጠብቁ። አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው እያጠጡ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የሚጠባ ከሆነ ጡት አያቋርጡበት። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይድፉት።» ይህኛው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ኮሜንቱ ላይ አንዲት ሴት «አንድ ሊትሩን በምን ልለካ?» ብላ ጠየቀች። «ባለ አንድ ሊትር የውሃ ሃይላንድ» ብለን መለስን፤ ወዲያው ፖስቱ ውስጥም አስገባነው። እሷ የጠየቀችውን ስንቱ በሆዱ ይዞት ነበር።

ዋናው ሥራ እንግዲህ ያለው ኮሜንትና ኢንቦክስ ውስጥ ነው። የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመርም፣ በ2017 ኅዳር ላይ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በዘመቻ ሲሰጥም፣ «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ነበር። እንዲህ ያለውን ኮሜንት አታጥፊ። ስታጠፊው «ደበቁት» ይባላል። «የሐሰት መረጃ አታሰራጭ» ብሎ መገሠጽም ሰውን ያርቃል እንጂ አያሳምንም።

አንድ አባት «ልጄ ነገ ባትወልድ ማን ይጠየቃል?» ብለው ጻፉ። ቁጣ ይመስላል፤ ፍርሃት ነው። እንዲህ መለስንላቸው፦ «ወንድማችን፣ ለልጅዎ መጨነቅዎ ተገቢ ነው። ክትባቱ መውለድን አይከለክልም። የሚከላከለው የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ ነው። የተወጋችበት ክንድ ትንሽ ሊያብጥና ሊያማት ይችላል። የቀረ ጥያቄ ካለዎት ወደ ጤና ጣቢያው መጥተው የክትባት ክፍሉን ነርስ ያነጋግሩ።» ከሥሩ ሌሎች ወላጆች የየራሳቸውን ጠየቁ። አንዲት እናት ደግሞ ልጇ ተከትባ ደህና መሆኗን ጻፈች፤ ከእኛ መልስ ይልቅ የእሷ ቃል ሰው ልብ ገባ። ኮሜንት የሚጽፈው ጥቂት ነው፤ ዝም ብሎ የሚያነበው ይበዛል። መልስሽን ስትጽፊ እነሱን አስቢ።

ለእያንዳንዱ መልስ የኃላፊ ፈቃድ የሚጠበቅ ከሆነ ግን ወሬው ይቀድምሻል። ስለ ክትባት፣ ስለ ወባ፣ ስለ ኮሌራ፣ ስለ ወሊድ አገልግሎት ባለሙያ ያያቸው አጫጭር መልሶች አስቀድመሽ አዘጋጂ። ኃላፊሽ አንዴ ይያቸውና ከዚያ በኋላ ሳትጠይቂ ለጥፊ። አዲስ ነገር ከመጣ «እያጣራን ነው፤ ዛሬ 11 ሰዓት ላይ እንመለሳለን» በይ። ተጣርቶ ባያልቅ እንኳ 11 ሰዓት ላይ ተመለሺ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ፣ የጤና ሚኒስቴርን ዕለታዊ ሪፖርት ሰው እንዴት ይጠብቀው እንደነበር ታስታውሻለሽ። የተመረመረ፣ የተያዘ፣ ያገገመ፣ የሞተ፤ ቅርጹ በየቀኑ ያው ነው። ቁጥሩ በከፋበት ቀንም ይወጣ ነበር። አመኔታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ገጹ ብቻውን ገጠር አይደርስም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ካላቸው እዚያ ላኪ። ረጅም ቪዲዮ ዳታ ይበላል፤ ማንም አይከፍተውም። ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ የድምፅ መልእክት፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ ሰው በሚያውቀው ነርስ ድምፅ ይሁን። ባለሙያዋ ቡና ላይ ለተሰበሰቡት እናቶች ከስልኳ ታሰማቸዋለች።

የታካሚ ፊት ያለፈቃዱ አትለጥፊ፤ የሕፃን ከሆነ ያለ ወላጅ ፈቃድ በጭራሽ። ታማሚ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ «እሺ» ቢልሽ እንኳ ሲሻለው ደግመሽ ጠይቂው።

ሌላው የገጹ አድሚንነት ነው። ባለሙያው ሲዛወር ገጹ አብሮት የሚሄድባቸው ቢሮዎች አሉ። ዛሬውኑ ሁለተኛ አድሚን ጨምሪ። እኛ ያዘጋጀናቸውን መልሶች ከፈለግሽ በኢንቦክስ እልክልሻለሁ። ከመለጠፍሽ በፊት ግን ከነርሶቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ በአካባቢያችሁ አነጋገር አስተካክሏቸው።