«ነጠላ ዜማ እኮ ነው» ላላችሁኝ ልጆች

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ስቱዲዮ መጣ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ድምፁ ያምራል፤ ጊታርም ይጫወታል። አንድ ዘፈን ሊቀዳ ነው የመጣው። ግማሽ ቀን ሠራን። ሁለተኛው አዝማች ላይ ድምፁ ትንሽ ወረደ። «እንደገና እንውሰደው» አልኩት። «ጋሼ፣ ይለፈን። ነጠላ ዜማ እኮ ነው። አልበም ስሠራ እጠነቀቃለሁ» አለኝ።

እኔም አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሱ ነው። እንደ እሱ ለምታስቡትም ሁሉ ነው። ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ነገር ስትሉ ሰምቻችኋለሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት ድምፅ ቀድቻለሁ፤ ከሪል፣ ከትልቁ ጥቅል ቴፕ፣ እስከ ኮምፒዩተር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከእጄ ያልጠፋ አንድ ሲዲ አለ። ከዋሽንግተን የመጣ ጓደኛዬ ነው ያመጣልኝ። ሽፋኑ ተሰንጥቋል፤ በፕላስተር ይዤዋለሁ። «ኪንግ ኦፍ ዘ ብሉዝ ጊታር» ይባላል። የአልበርት ኪንግ ዘፈኖች ስብስብ ነው። መጀመሪያ በ1969 በሸክላ ሲወጣ 11 ዘፈን ነበረው። በ1989 በሲዲ ሲታተም 17 ሆነ። (የአሜሪካኖቹን ታሪክ ዓመት የምጽፈው በእነሱ አቆጣጠር ነው።)

አልበርት ኪንግ ማን ነው? የብሉዝ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ፣ ዘፋኝና ጊታሪስት ነው። የሚሲሲፒ ሰው ነው። በ1923 ኢንዲያኖላ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አርካንሳስ ውስጥ በእርሻ ቦታ አደገ። የመጀመሪያ ጊታሩን ከሲጋራ ሳጥን ሠራት። ቡልዶዘር ነድቷል። ለሌላ ዘፋኝ ድራም መትቷል። የመጀመሪያ ሸክላውን በ1953 አሳተመ፤ እሱም አልሆነለትም። በ1961 አንድ ዘፈኑ ተሰማለትና እንደገና ዝም ተባለ። ሜምፊስ ሄዶ ስታክስ ከተባለው የሸክላ ኩባንያ ጋር ሲፈራረም 1966 ነው። አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር። ይህን ዕድሜ ያዙልኝ። ሃያ አምስት ሳይሞላችሁ «ጊዜዬ አለፈ» ስትሉ ስሰማ ልቤ ይደማል።

ስታክስ ስቱዲዮው አሮጌ ሲኒማ ቤት ነበር፤ ማክሌሞር በሚባል ጎዳና ላይ። ወንበሮቹ ተነቅለው ወለሉ እንደ ሲኒማ ቤት ቁልቁል እንዳዘነበለ ቀረ። ባለቤቶቹ ጂም ስቱዋርትና ኤስቴል አክስተን፣ ወንድምና እህት ናቸው። እሱ የባንክ ሠራተኛ ነበር። እሷ መቅጃ ማሽን ለመግዛት ቤቷን አስይዛ ተበደረች። ፋንዲሻ ይሸጥበት የነበረውን ቦታ የሸክላ መሸጫ አደረገችው። የሰፈር ልጆች ይገባሉ፤ አዲስ ዘፈን ይከፈትላቸዋል፤ እሷ ፊታቸውን ታያለች። ልጆቹ ካልተወዛወዙ ዘፈኑ ገና ነው ማለት ነው።

እዚያ ቤት ውስጥ አልበርትን ያጀበው ባንድ ነው ለእናንተ ትምህርት የሚሆነው። ኪቦርዱ ላይ ቡከር ቲ. ጆንስ፣ ጊታር ላይ ስቲቭ ክሮፐር፣ ቤዝ ላይ ዳክ ደን፣ ድራም ላይ አል ጃክሰን። አንዳንዴ ፒያኖ ላይ አይዛክ ሄይስ ይቀመጣል። ከአራቱ የባንዱ አባላት ሁለቱ ጥቁር፣ ሁለቱ ነጭ። ይህ የሆነው ጥቁርና ነጭ በሕግ ሲለያይ በኖረ ከተማ ውስጥ ነው። ቡከር ቲ. ያኔ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አልበርት ዕድሜው እጥፍ ነው። ብሉዝ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። ግን ልጆቹ ያመጡትን ምት ተቀበለ። ሶል የሚባለው አዲስ የጥቁሮች ሙዚቃ ምት ነበር። የድሮውን ብሉዝ በዚያ ላይ አስቀመጠው፤ ስብስቡ ውስጥ የምትሰሙት ይህንኑ ነው። ሽማግሌው ድምፁን አልቀየረም። ልጆቹም ምታቸውን ለእሱ ብለው አላረጁትም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በ1967 በአልበርት ስም አንድ አልበም ወጥቷል። «ቦርን አንደር ኤ ባድ ሳይን» ይባላል። ዛሬ የብሉዝ ጊታር የሚማር ሰው ሁሉ ይህን አልበም ስማ ይባላል። በውስጡ ካሉት ዘፈኖች ብዙዎቹ ግን አልበም ተብለው አልተቀዱም። ነጠላ ናቸው። በ1966ና በ1967 በተለያዩ ቀናት፣ ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እየሆኑ የተቀዱ። እየተቀዱ ለሬዲዮና ሳንቲም ተከቶበት ለሚዘፍን የሙዚቃ ሳጥን ይላካሉ፤ ተሰሙም አልተሰሙም ወደሚቀጥለው ይኬዳል። በኋላ ተሰብስበው አልበም ሆኑ። የ1969ኙ ስብስብ ደግሞ ከእነሱ አምስቱን ወሰደ። አልበሙ ላይ ያልገቡ ስድስት ጨመረ። ሲዲው የቀሩትን አምጥቶ 17 አደረሳቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ አንዱ «ይለፈን፣ ነጠላ ነው» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ይኸው ስህተቱ ዛሬ ድረስ ይጮህ ነበር። እኔ ይህን ሲዲ ስንት መቶ ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። በጆሮ ማዳመጫ፣ በመኪና፣ በትልቅ ስፒከር ሰምቼዋለሁ። «ይለፈን» የተባለበት ቦታ አላገኘሁም። ፍጹም ነው ማለቴ አይደለም። ያን ጊዜ ሰዎቹ በአንድ ክፍል አብረው ነው የሚጫወቱት። እንደ ዛሬው እያንዳንዱን ለብቻ ቀድቶ መቆራረጥ የለም። አንዳንድ ቦታ ትንሽ ሻካራ ነው። ግን ሁሉም ሰው እዚያው ነው፤ ሐሳቡ ሌላ ቦታ የሄደ የለም።

የአልበሙን ስም የያዘውን ዘፈን ክፈቱት። ግጥሙ የዊሊያም ቤል፣ ዜማው የቡከር ቲ. ነው። ሲጀምር ቤዙና ጊታሩ አንድ ዜማ አብረው ይሄዳሉ፤ ሁለት ሰው ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ደረጃ እንደሚወጣ። ጥሩምባና ሳክስፎኑ ከኋላ ገፋ ያደርጓቸዋል። ድራሙ አንዲት ትርፍ ምት የለውም። ከዚያ አልበርት ይዘፍናል። ሲዘፍን ጊታሩ ዝም ይላል። ስንኙን ሲጨርስ ጊታሩ ይቀበለዋል። እሱ አውጪ፣ ጊታሩ ተቀባይ ናቸው። እኛ ከልጅነታችን የምናውቀው ነገር ነው። እናንተ ግን ስትዘፍኑም ትጫወታላችሁ፣ ዝም ስትሉም ትጫወታላችሁ። ቦታ ልቀቁ እባካችሁ። ሚክስ የሚያደርግ፣ የተቀዱትን ድምፆች የሚያመጣጥን ሰው ሁሉ እንዲህ ብሎ ይለምናችኋል፤ እኔም እየለመንኳችሁ ነው።

አልበርት ግራኝ ነው። የያዘው ደግሞ የቀኝ እጅ ጊታር ነው። የክሮቹን ቦታ ሳይለውጥ ገልብጦ ያዘው። ስለዚህ ቀጭኑ ክር ከላይ፣ ወፍራሙ ከታች ይሆናል። ሌላው ጊታሪስት ድምፅ ለማጠፍ፣ ክሩን ወጥሮ ድምፁን ከፍ ለማድረግ ማለት ነው፣ ቀጭኑን ክር ወደ ላይ ይገፋል። እሱ ወደ ታች ይጎትተዋል። እጁ ትልቅ ነው፤ የክንዱ ጉልበት በሙሉ ወደ ታች ይወርዳል። በመምቻ አይመታም፤ በአውራ ጣቱ ነው። ለዚህ ነው አንድ ድምፅ ይዞ እስኪያለቅስ ድረስ የሚያጥፈው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን አንሸራቶ ሆድ የሚያባባበትን ቦታ ታውቃላችሁ አይደል? እሱን ነው የሚያስታውሰኝ። ብዙ ድምፅ አይጠቀምም፤ አምስት ስድስት ድምፅ ይበቃዋል። ፍጥነት የምትለማመዱ ልጆች፣ ይህን ሰው ሳትሰሙ አትለፉ።

ጊታሩን «ሉሲ» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ስብስቡ ውስጥ በስሟ አንድ ዘፈን አለ። ስትሰሙት ስለ ሴት የሚዘፍን ይመስላችኋል። ስለ ጊታሩ ነው። ሰምና ወርቅ ያደገበት ጆሮ ይህን ቶሎ ይይዘዋል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባኝ ብቻዬን ስቱዲዮ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

ሌላው የምነግራችሁ ነገር የሚያስከፋ ነው። ስብስቡን ያሳተመው አልበርት አይደለም። ስታክስም አይደለም። አትላንቲክ የሚባል የኒው ዮርክ ኩባንያ ነው። አልበርት ግን ያኔም የስታክስ ዘፋኝ ነበር። እንዴት ሆነ?

አትላንቲክ የስታክስን ሸክላዎች ያከፋፍል ነበር። መጀመሪያ በቃልና በመተማመን ነው የሠሩት። በ1965 በጽሑፍ ተፈራረሙ። ጂም ስቱዋርት ወረቀቱን በደንብ ሳያነብ ፈረመ። በ1967 መጨረሻ የስታክስ ትልቁ ዘፋኝ ኦቲስ ሬዲንግ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በዚያው ሰሞን አትላንቲክ ለሌላ ኩባንያ ተሸጦ ነበር። ስታክስ ውሉን ሊያፈርስ ሲል፣ በ1968፣ ወረቀቱ ወጥቶ ተነበበ። ለካ አትላንቲክ ሲያከፋፍል የቆየው ቅጂ ሁሉ፣ ማስተሩ፣ ሌላው ሁሉ የሚባዛበት ዋናው ቅጂ፣ ጭምር የአትላንቲክ ነው ይላል። ስምንት ዓመት የተለፋበት ሥራ በአንድ አንቀጽ ሄደ። ቤቷን ያስያዘችው ሴትዮ ሥራም ሄደ። የአልበርትም የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች እዚያ ውስጥ ናቸው። ስታክስ ሰባት ዓመት ተውተርትሮ በ1975 ከሰረ። የሲኒማ ቤቱ ሕንፃ በ1989 ፈረሰ። ያ የእኔ ሲዲ በታተመበት ዓመት ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ። ዘፈኖቹ አምረው እንደገና ታተሙ፣ የተቀዱበት ቤት ደግሞ ፈረሰ። ኋላ በ2003 በቦታው ሙዚየም ተሠራ።

ይህን የምነግራችሁ ሩቅ አገር ስለሆነ አይደለም። እኔ ራሴ ደርሶብኛል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት አንዲት ዘፋኝ ቀዳሁ። ስሟን አልጠራም፤ ብዙ ሰው አያውቃትም። አራት ዘፈን ነበራት። አንዱ ትዝታ ነው። እንደዚያ ያለ ትዝታ ከዚያ በኋላ ቀድቼ አላውቅም። ያሠራን ሙዚቃ ቤት ካሴቱን አወጣ፤ ብዙም አልተሸጠም። ሪል ውድ ነበር። ማስተሩ የማነው፣ የት ይቀመጣል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ሁላችንም በሁለት መስመር ወረቀት ፈርመን ብራችንን ተቀበልን። ከወራት በኋላ አንድ ማስታወቂያ ልንቀዳ ሪል መጣልኝ። ካርቶኑ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት የእኔ ጽሑፍ አለ፤ የዘፈኖቹ ስም። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ተሰርዟል። አዳመጥኩት። በእሷ ላይ የሌላ ሰው ድምፅ ተቀድቶበታል።

የዛሬ አምስት ዓመት ልጇ መጣች። እናቷ አርፋለች። «የእናቴ ድምፅ እርስዎ ጋ ይኖራል ወይ?» አለችኝ። የያዘችው አንድ ካሴት ነው። ክሩ ተበልቷል፤ ትዝታው መሃል ላይ ይንሳፈፋል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። በኮምፒዩተር ሁለት ቀን ታገልኩ። ትንሽ አጸዳሁላት። የጠፋውን ግን ማን ይመልሰዋል?

ስብስብ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ይመጣል፤ በአገራችንም መጥቷል። አምሃ እሸቴ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1969 በራሱ ስም የሸክላ ኩባንያ ሲከፍት፣ ያሳተማቸው አብዛኞቹ ባለ ሁለት ዘፈን ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩ። ነጠላ ማለት እሱ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ስብስብ ማውጣት ሲጀምር፣ ከእነዚያ ሸክላዎች ነው የቀዳው። ዓለም ያንን የአዲስ አበባ ዘመን የሰማው በስብስብ ነው። የተገኘው ተሰበሰበ። ያልተገኘው የለም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ነጠላውን ጨርሱት። ድምፁ ከወረደ እንደገና ውሰዱት፤ የሰዓቱ ይከፈል። ከዚያ ማስተሩን፣ የእያንዳንዱን ትራክ ፋይል፣ በሁለት ሃርድ ዲስክ አስቀምጡ፤ አንዱን ከቤት ውጭ። ዩቲዩብ ላይ ያለው ማስተር አይደለም፤ አካውንቱ ከተዘጋ አብሮ ይሄዳል። ማን ቤዝ እንደመታ፣ ማን እንዳቀናበረ፣ ቀኑን ጻፉ። አሁን ሁሉም ትዝ ይላችኋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ አይሆንም። ወረቀት ሲቀርብላችሁ ማስተሩ የማን ይሆናል የሚለውን ፈልጉ። ካልተጻፈ አስጽፉ። አገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ አላት፤ ቁጥር 410/1996፣ በእኛ አቆጣጠር። ለደራሲውም፣ ለከዋኙም፣ ለድምፅ ቅጂው ፕሮዲዩሰርም መብት ይሰጣል። አንብቡት። አማርኛው ከባድ አይደለም። ያልገባችሁን ጠበቃ ጠይቁ፤ የአንድ ቀን የስቱዲዮ ኪራይ የምትከፍሉትን ያህል ብትከፍሉ አይቆጫችሁም።

አልበርት ኪንግ እስከ መጨረሻው መድረክ ላይ ነበር። በ1992 ታኅሣሥ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተጫወተ። ከሁለት ቀን በኋላ በስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሜምፊስ ውስጥ አረፈ።

ያ ልጅ ሰሞኑን ደወለልኝ። ዘፈኑን ገና አለቀቀውም። «ጋሼ፣ ሁለተኛው አዝማች እየከነከነኝ ነው» አለ። ማክሰኞ ከሰዓት ይመጣል። ሲዲውን ይዤ እጠብቀዋለሁ። ከመቅዳታችን በፊት አንድ ዘፈን አብረን እንሰማለን። መምጣት የምትፈልጉ ኑ፤ የጆሮ ማዳመጫችሁን ግን ያዙ፣ እኔ ጋ ያለው ሁለት ብቻ ነው።