ጡት ሳይጫን የሚያነሳውን ሲቲ እንጠብቅ ወይ ላልሽው እህቴ

ሰላም የኮምቦልቻዋ እህቴ፣ አብሽሪ። እናትሽን አላህ ያሽርልሽ። እማማ ጡታቸው ላይ እብጠት እያለ «ማሽን ጡቴን አይጨፈልቀውም» ብለው ማሞግራፊ፣ ማለትም ጡት በማሽን ተጭኖ የሚነሳውን ራጅ፣ እምቢ ብለዋል። አንቺ ደግሞ ጡት ሳይጫን የሚያነሳ ሲቲ (ዙሪያውን እየዞረ የሚያነሳ ራጅ) እንዳለ ሰምተሽ፣ እሱ እስኪገኝ እንጠብቅ ወይስ እዚሁ የደረት ሲቲ እናስነሳቸው ነው ያልሽው። ሁለቱንም አታድርጉ። እኔ ደሴ ነኝ፣ አክስቴን ይዤ በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ።

ማሽኑ ወሬ አይደለም፣ አለ። ኮኒንግ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው በ2015 እዚያው አገር ፈቃድ አግኝቷል። ሴትየዋ አልጋው ላይ በሆዷ ትተኛለች፣ ጡቷ በአልጋው ቀዳዳ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሥር ያለው ራጅ በ10 ሰከንድ ዙሪያውን ዞሮ 300 ገደማ ምስል ያነሳል። ከዚያ ሐኪሙ ዳቦ እንደሚቆረጠው ስስ ስስ አድርጎ በኮምፒውተር ያየዋል። ማሞግራፊ ላይ ሥጋው ተደራርቦ እጢውን ሊሸፍነው ይችላል፣ በተለይ ጡቱ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ። እዚህ ላይ የጡት ሲቲው ይበልጣል። ግን ያለው ውጭ አገር በጥቂት ማዕከላት ነው። ፈቃዱም አንድ የሚያጠራጥር ነገር ለታየባት ሴት ነው እንጂ ማሞግራፊን አስቀርቶ ለዓመታዊ ምርመራ አይደለም። ከደረት አጥንቱ ጋር የተጠጋውንና የብብቱን አካባቢ ደግሞ ሁሌ አያዳርስም።

የደረት ሲቲ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። በጀርባ ተኝተው ነው የሚነሱት፣ ጡቱ ይተኛል፣ ጥቃቅኑ ነገር አይለይም፣ ጨረሩ ደግሞ ከማሞግራፊ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እሱ የሚታዘዘው ካንሰር መሆኑ ከታወቀ በኋላ ወደ ሳንባ ሄዷል ወይ ብሎ ለማየት ነው። አሁን ብታስነሷቸው ገንዘባችሁን ነው የምትጨርሱት።

አክስቴም ልክ እንደ እማማ ነበረች። ጎረቤቷ «አዲስ አበባ ወስደው በማሽን ያደቁሻል» ብላ አስፈርታት፣ እብጠቱን በነጠላዋ ሸፍና ከረመች። በመጨረሻ ማሞግራፊ የሚባለውን ቃል ሳናነሳ ለአልትራሳውንድ ብቻ እንሂድ ብለን ይዘናት ወጣን። እዚሁ ደሴ ነው ያየናት። ሐኪሙ ቀዝቃዛውን ጄል ቀብቶ ሲያይ ስክሪኑን ወደኔ አዞረልኝ፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ጥቁር ነገር ነበር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካው፣ ብብቷንም አየ። ወዲያው ከእጢው ናሙና የሚወሰድበት መርፌ ታዘዘ። አክስቴ ቢስሚላህ ብላ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሳትጮህ አለቀ። ካንሰር ነው አይደለም ብሎ ቁርጡን የሚናገረው ይሄ ናሙና ነው እህቴ። የዓለም ምርጡ ሲቲ እንኳ እጢ ቢያሳይ መጨረሻው መርፌ ነው።

ማሞግራፊውን በኋላ አዲስ አበባ ተነሳች፣ ሌላኛው ጡቷ እንዲታይ። ስትወጣ ጠየቅኳት። ያማል አለች፣ አልዋሸችም፣ ግን ሳልጠግበው አለቀ ነው ያለችኝ። የሚጫኑት በክፋት አይደለም። ሥጋው ሲሳሳ ተደራርቦ የነበረው ይገለጣል፣ ምስሉ አይደበዝዝም፣ ጨረሩም ይቀንሳል። አንዱን ምስል ለማንሳት የሚያዘው ለጥቂት ሰከንድ ነው። እማማ ሲበዛባቸው «ቆይ» ማለት ይችላሉ፣ ባለሙያው ያላላል፣ ይሄን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የዚያን ቀን ዲኦድራንትም ሆነ ፓውደር አይቀቡ፣ ምስሉ ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ይልበሱ፣ ከወገብ በላይ ብቻ ማውለቅ ይቀላቸዋል። እናቶቻችን ሲያፍሩ ሴት ባለሙያ መጠየቅም ነውር የለውም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐረጎን ውጡና ደሴ ኑ፣ ወይ እዚያው ኮምቦልቻ አልትራሳውንድ የሚያነሳ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሪፈር ካስፈለገ ወረቀቱን በእጃችሁ ተቀበሉ። እጢው ከጠነከረ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ፣ የጡታቸው ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ካወጣ ደግሞ ሳምንቱንም አትጠብቂ። ናሙናው ካንሰር ነው ካለ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ (ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየው) ይሠራልን ብላችሁ ጠይቁ፣ መድኃኒቱ የሚመረጠው በሱ ነው። ደሴ ከመጣችሁ በውስጥ ጻፊልኝ፣ አብሬያችሁ እሰለፋለሁ።