ሰሙ ላይ ሳለ ይናገሩ፦ ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። የላይ ጥርሶቿ በሙሉ ወልቀዋል። ድዷ በልጅነቷ የተነቀሰ ነው። ጎረቤታችን ያሠሩት ጥርስ ድዱ ሮዝ ስለሆነ ሲስቁ ከሩቅ ያስታውቃል። የእናቴ እንዲህ እንዳይሆን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሰው ሁሉ ጥርሱን ሲያይ እርስዎ ድዱን ማየትዎ ትልቅ ነገር ነው። የሚወልቅ ጥርስ ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው ድዱ ነው። ይህ ክፍል የሚሠራው ከአክሪሊክ ሲሆን፣ የተለመደው ሮዝ ቢሆንም ጠቆር ያለም አለ፤ ሮዙ ላይ ቀለም ጨምሮ ማጥቆርም ይቻላል። ቀለሙ ግን ከአክሪሊኩ ጋር አብሮ መብሰል አለበት። ካለቀ በኋላ ላዩ ላይ የተቀባ በብሩሽ እየተፋቀ ይለቃል። ስለዚህ ገና ልክ ሲወሰድ ይንገሩ፤ የእናትዎን ድድ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተው ጥርሱን ለሚሠራው ላብራቶሪ ያድርሱ። ንቅሳቱ ጥርስ ከማሠራት አይከለክልም፣ መነሳትም የለበትም። በቅርቡ የወጣ ወይም እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ካለ ግን ያ ንቅሳት ስላልሆነ ሐኪም ይየው።

የጥርሱን ቀለም በተመለከተ፣ ወተት የመሰለ ነጭ በ68 ዓመት ሰው አፍ ውስጥ ይጮኻል። ጥርስ ከዕድሜ ጋር ቢጫማ ይሆናል፤ ክራንቻም ከፊት ጥርስ ጠቆር ይላል። የታች ጥርሶቻቸው ካሉ መለኪያው እነሱ ናቸው። ቀለሙ መስኮት አጠገብ ይመረጥ፤ የአምፖል ብርሃን ያሳስታል። እናትዎ በወጣትነታቸው ሲስቁ የተነሱት ፎቶ ካለ ይዘው ይሂዱ። ፍንጭት ከነበሩ ፍንጭታቸው ይመለስላቸው! ካልተጠየቀ ማንም አያደርገውም፤ እንደ ገብስ ዘለላ ተደርድሮ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ለጥርስ ባሕር ዳር መመላለስ ከብዶኛል። አንድ ቀን ለክተው በሌላ ቀን ጨርሰው ቢሰጡኝ ምን ይጎድለዋል?

መልስ፦ ብዙ ይጎድለዋል። በደንቡ ሙሉ ጥርስ አምስት ያህል ቀጠሮ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሐኪሙ በለስላሳ ነገር የአፍዎን ልክ ይወስድና ጀሶ ይሞላበታል። በጀሶው ላይ ለእርስዎ አፍ ብቻ የሚሆን የልክ ማንሻ ሳህን ይሠራል። በሁለተኛው በዚያ ማንሻ ትክክለኛው ልክ ይወሰዳል፤ ከንፈርዎን እየሳቡ፣ ምላስዎን እያንቀሳቀሱ። ይህ እንቅስቃሴ ከተዘለለ የጥርሱ ጠርዝ ይረዝምና ሲናገሩ ይነሳል፤ ወይም ያጥርና አየር ያስገባል። ሦስተኛው የላይና የታች መንጋጋ የሚገጥሙበትን ከፍታ በሰም መለካት ነው። አራተኛው ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው አፍዎ ውስጥ የሚሞከሩበት፣ አምስተኛው ርክክብ።

ላብራቶሪው ቅርብ ከሆነና አስቀድመው ከተነጋገሩ ሁለቱን ልኮች በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል። የሰሙን ሙከራ ግን ማንም እንዳያዘልልዎ። ሰም ላይ ያለ ጥርስ በደቂቃ ይነቀላል፣ ይዞራል፣ ዝቅ ይላል፤ አክሪሊክ ከሆነ በኋላ እንደገና መሥራት ነው። ያን ቀን ሐቁን የሚነግርዎ ሰው ይዘው ይሂዱና ተረጋግተው ይመልከቱ። ከንፈርዎን ዘና ሲያደርጉ የላይ ጥርስ ጫፍ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይታይ፤ በዕድሜ ለገፋ ሰው ያነሰ ቢሆን ያምራል። የሁለቱ የፊት ጥርሶች መሐል ከፊትዎ መሐል ጋር ይግጠም። «ፋሲካ» ሲሉ የላይ ጥርስ ጫፍ የታች ከንፈርን በስሱ ይንካ። ከስድሳ እስከ ሰባ ይቁጠሩ፦ «ስድሳ ስድስት፣ ስድሳ ሰባት» ሲሉ ጥርሶቹ ከተንቀጫቀጩ ከፍታው በዝቷል ማለት ነው። ዝም ብለው ሲቀመጡ በላይና በታች ጥርስ መካከል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ከፍታው ካነሰ ደግሞ አገጭ ወደ አፍንጫ ይጠጋል፤ ውሎ አድሮም የከንፈር ጥግ ይሰነጠቃል።

ከተረከቡ በኋላ ወዲያው መኪና አይሳፈሩ። በማግስቱ ታይተው ይመለሱ፤ በሳምንቱም አንዴ። ለዚያ ቀጠሮ ሲሄዱ ጥርሱን ጥቂት ሰዓት አድርገውት ይምጡ፤ ካልሆነ የቆሰለው ቦታ አይለይም። በቤት ሞረድ ደግሞ አይሞክሩት።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ጥርሴን ካስነቀልኩ 3 ሳምንት ሆነኝ። አሁን ላሠራ?

መልስ፦ ይቆዩ። ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ቢቻል 3 ወር። አጥንቱ አሁን በፍጥነት እየጎደለ ስለሆነ ዛሬ ልክ የሆነው በጥቂት ወራት ይሰፋል። አፌ ባዶ አይሁን ካሉ ጊዜያዊ ጥርስ ይሠራል፤ ድዱ ሲጎድል ጥርሱ እንዳይላላ፣ ድድ ላይ የሚያርፈው ውስጡ በወራት ጊዜ እንደገና እንደሚሞላ ግን ከወዲሁ ይወቁ፤ ዋጋውንም ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ የላይኛው ጥሩ ነው፤ የታችኛው ግን ይንሳፈፍብኛል። ማጣበቂያ ይሻላል?

መልስ፦ የላይኛው ላንቃን በሙሉ ሸፍኖ በምራቅ ይጣበቃል። የታችኛው ጠባብ የድድ ጠርዝ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ያውም ምላስ እየገፋው። በጥሩ ሁኔታ ቢሠራም እንደ ላይኛው አይጸናም። የምላስዎን ጫፍ ከታች የፊት ጥርሶች ጀርባ ማሳረፍ ይልመዱ፤ በፊት ጥርስ አይግመጡ፤ ትንሽ ትንሹን በግራም በቀኝም እኩል ያኝኩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገንፎ፣ ፍርፍርና ጭብጦ ይብቃ፤ ቆሎው አይሸሽም። ቡናም ሲጠጡ ይጠንቀቁ፤ ላንቃው ስለተሸፈነ ሙቀቱ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ነው የሚታወቀው።

ድሮ ጸንቶ የነበረ ጥርስ ከላላ ድዱ ጎድሏልና ውስጡ ይሞላ። ማጣበቂያ ከተጠቀሙ በደረቀ ጥርስ ላይ ሽምብራ የምታህል ጠብታ ሦስት ቦታ ትበቃለች፤ ዚንክ የሌለበትን ይምረጡ፤ ዚንክ ያለበት ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ነርቭ ይጎዳል። አቅም ከፈቀደ አጥንት ውስጥ የሚተከሉ ሁለት ኢምፕላንቶች የታችኛውን አጥብቀው ይይዛሉ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ አባቴ ጥርሳቸውን ማታ አያወልቁም። በመፋቂያ ያሹታል። ላንቃቸው ቀልቷል።

መልስ፦ መቅላቱ ብዙ ጊዜ የፈንገስ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሸፈን ይመቸዋል። ሐኪም መድኃኒት ሊያዝላቸው ይችላል፤ ማታ ካላወለቁ ግን ይመለሳል። አውልቀው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያሳድሩት፤ ሲደርቅ ቅርጹ ይበላሻል፣ በፈላ ውኃም ይጣመማል። መፋቂያና የጥርስ ሳሙና ይጭሩታል፤ ጭረቱ ውስጥም ቆሻሻ ይደበቃል። ለስላሳ ብሩሽና ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይበቃል፤ ከሥር ውኃ ያለበት ሳፋ ይደረግ፣ ቢያመልጣቸው እንዳይሰበር። ድዳቸውንና ምላሳቸውንም ይቦርሹ። በረኪና ብረት ያለበትን ጥርስ ይበላል። ከተሰበረ ስብርባሪውን ሁሉ ሰብስበው ለሐኪም ይውሰዱ፤ በሱፐር ግሉ የተጣበቀ ትንሽ ተዛንፎ ስለሚደርቅ ላብራቶሪው መልሶ ማጋጠም ያቅተዋል።