ባር ክላስ ልጀምር ወይ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ባር አስተምራለሁ ካልኩ ወዲህ የጥያቄ ናዳ ወርዶብኛል። አንድ በአንድ ከመመለስ እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ለማታውቁት፣ ባር የባሌት ዳንሰኞች ለልምምድ የሚይዙትን አግዳሚ እንጨት ተደግፎ፣ በትንንሽ እንቅስቃሴ ጡንቻን እስኪዝል የሚያሠራ ስፖርት ነው። እኔ የማስተምረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ጥያቄዎቹ ግን እዚሁ አቅራቢያ ካሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሌላ ከአዲስ አበባም፣ ከለንደንም መጥተዋል። ሐኪም አይደለሁም፤ ጉዳዩ የሐኪም ሲሆን በግልጽ እላችኋለሁ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ባሌት በሕይወቴ ሞክሬ አላውቅም። እግሬን ጆሮዬ ድረስ ማንሳት ይጠበቅብኛል እንዴ?

ኧረ በፍጹም! ብዙ ጊዜ እግርሽ ከወለሉ የሚነሳው ትንሽ ነው። ይህ ስፖርት ዳንስ አይደለም። ከዳንስ የወሰደው እንጨቱን፣ አቋቋሙንና ጥቂት ስሞችን ነው።

የጀመረችው ሎተ በርክ የምትባል ዳንሰኛ ናት። እ.ኤ.አ. በ1913 ጀርመን፣ ኮሎኝ ውስጥ ተወለደች። አይሁዳዊት ስለነበረች ከናዚዎች ሸሽታ ለንደን ገባች። በኋላ ወገቧን ተጎዳች። ያኔ የባሌት ልምምዷን ለተጎዳ ወገብ ከሚታዘዝ እንቅስቃሴ ጋር አቀናጀችና በ1959 ለንደን ውስጥ ማስተማር ጀመረች። ተማሪዋ ሊዲያ ባክ ደግሞ በ1971 ኒውዮርክ ላይ ስቱዲዮ ከፈተች። ዛሬ በየከተማው የምታዪው አብዛኛው ከዚያ የተቀዳ ነው። ስለዚህ ሲጀመርም ለተጎዳ ሰውነት ታስቦ የተሠራ ነገር ነው። ስፕሊት (ሁለት እግርን ወለል ላይ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት) ስለማልችል ብለሽ አትቅሪ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ ከበሩ ከገባሁ ጀምሮ ምን እንደሚሆን ንገሪኝ። ሳላውቀው የምገባበት ነገር ያስጨንቀኛል።

እሺ፣ ይዤሽ ልግባ። ከሰዓቱ ሩብ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ። የምትፈርሚው ወረቀት አለ። ጫማሽን ታወልቂና ካልሲ ታደርጊያለሽ። ተራ ካልሲ ግን አይሆንም፤ ከሥሩ የላስቲክ ነጠብጣብ ያለውና የማያንሸራትት መሆን አለበት። ብዙ ቦታ እዚያው ይሸጣል፣ ዋጋው ግን ያናድዳል። ከቤትሽ ይዘሽ ሂጂ።

ለአስተማሪዋ የመጀመሪያ ቀንሽ መሆኑንና የሚያምሽ ነገር ካለ ንገሪያት። ከዚያ ሁለት ቀላል ክብደት፣ አንዳንዴም ትንሽ ኳስና ላስቲክ ታነሻለሽ። ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። ስታዪው ትስቂያለሽ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ግን አትስቂም።

ክፍለ ጊዜው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ባለሽበት እየረገጥሽ ሰውነትሽን ታሟሙቂያለሽ። ቀጥሎ ክንድ ይመጣል። ከዚያ እንጨቱን ይዘሽ ጭን ትሠሪያለሽ፣ ጭን ሲያልቅ መቀመጫ። መጨረሻ ላይ ወለል ላይ ሆነሽ ሆድ ትሠሪና ጡንቻሽን ስበሽ ዘርግተሽ ትወጫለሽ። ቅደም ተከተሉ እንደየቦታው ትንሽ ይለያያል።

ከባዱ ጭኑ ነው። ተረከዝሽን አንስተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ጀርባሽን አቅንተሽ ትቆሚያለሽ። «አንድ ኢንች ውረዱ፣ አንድ ኢንች ውጡ» ትላለች። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ጭንሽ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይንቀጠቀጣል። «የመጨረሻ አስር!» ስትል ደግሞ አትመኛት፤ ከኋላው ሌላ አስር አለ። እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው፣ የሙያው አመል ነው።

አንድ ምክር ልጨምር። እንጨቱ ጫፍ ላይ አትቁሚ፣ መሃል ግቢ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስትዞሩ ከፊትሽ የምታዪው ሰው ይኖራል። ጫፍ ላይ ከቆምሽ ግን ሲዞሩ ብቻሽን ግድግዳ ታያለሽ።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ መንቀጥቀጡ ጤነኛ ነው? ጓደኛዬ ስኳሯ የወረደ መስሏት አቋርጣ ወጣች።

ጓደኛሽ ያቋረጠችው በደንብ አስባ ነው፤ የተጠራጠረ ሰው ማረፍ አለበት። መንቀጥቀጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ጡንቻ ተኮማትሮ ብዙ ሲቆይ የደከሙት ክሮች ይለቃሉ፣ ሌሎቹ ይተካሉ። ቅብብሎሹ ለስላሳ ስላልሆነ እግርሽ ይንዘፈዘፋል። የሚንቀጠቀጠው የሚሠራው እግር ብቻ ከሆነና ስታርፊ ወዲያው ከቆመ ችግር የለም። እጅሽ ሁሉ ከተንቀጠቀጠ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀሽ ወይም ዓይንሽ ከጨለመብሽ ግን ተቀመጪ። ያ ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ባር ሠርቼ እንደ ባሌሪና ቀጭንና ረጅም ጡንቻ አወጣለሁ?

አታወጪም፣ እህቴ። ይህን የሚል ማስታወቂያ ብዙ ነው፤ እኔን ያበሽቀኛል። የጡንቻሽን ርዝመት የሚወስነው ከአጥንትሽ ጋር የተያያዘበት ቦታ ነው። ያንን ስፖርት አይለውጠውም። ባሌሪናዎችም ቢሆኑ እንደዚያ የሆኑት ከልጅነታቸው ጀምሮ በየቀኑ ለብዙ ሰዓት እየሠሩና ገና ከጅምሩ በቁመናቸው እየተመረጡ ነው።

የምታገኚው ሌላ ነው። ጭንሽና መቀመጫሽ ይጠነክራል። ሆድሽ ወገብሽን መደገፍ ይለምዳል። በአንድ እግር ስትቆሚ አትንገዳገጂም። ቀጥ ብለሽ ስለምትቆሚ ሰው «ቁመት ጨመርሽ?» ሊልሽ ይችላል። ክብደት መቀነስ ከሆነ ሐሳብሽ፣ ባር ብቻውን ብዙም አያራምድሽም። በአንድ ሰዓት የሚያቃጥለው ኃይል ከሩጫ ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ከዚያ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር እንዲሠራ ይመክራል። ባር ሁለተኛውን ይሸፍንልሻል። ለመጀመሪያው ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ጨምሪ።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ጉልበቴን ያመኛል። ይሄ ሁሉ ጉልበት ማጠፍ አይጎዳኝም?

እንደ ሕመሙ ነው። ምክንያቱን ካላወቅሽ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ከተፈቀደልሽ ግን ሦስት ነገር ያዢ።

እግር ወደ ውጭ ሲከፈት የሚዞረው ከዳሌ ነው እንጂ ከጉልበት ወይም ከቁርጭምጭሚት አይደለም። ተረከዞችሽን ገጥመሽ ጣቶችሽን በጭብጥሽ ስፋት ብቻ ክፈቻቸው። አጠገብሽ ያለችው ጣቶቿን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሙሉ በሙሉ ብትከፍት እሷን አትይ። ሁለተኛ፣ ጉልበትሽ ሲታጠፍ በሁለተኛው የእግር ጣትሽ አቅጣጫ ይሂድ፤ ወደ ውስጥ አይውደቅ። ይህን ጎንበስ ብለሽ ሳይሆን በመስታወቱ ነው የምታዪው። ሦስተኛ፣ ጥልቅ አትውረጂ። ትንሽ አጥፈሽ ብትቆዪም ጡንቻው ይሠራል።

ጭን መሃል ላይ ሲያቃጥልሽ ቀጥዪ። መገጣጠሚያ ውስጥ ሲወጋሽ አቁሚ። አስተማሪዋ «በርቱ፣ በርቱ!» ብትልም አቁሚ። እሷ ጉልበትሽ ውስጥ የለችም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እድሜዬ 61 ነው። ሐኪሙ አጥንትሽ ሳስቷል ብሎኛል። ልጄ «ባር ይሻልሻል» ትለኛለች። እውነቷን ነው?

እናቴ፣ ልጅዎ በከፊል ልክ ናት። የሚደገፉት ነገር ስላለ ሚዛን ለመለማመድ ጥሩ ነው። ሚዛን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይወድቅም፤ ለሳሳ አጥንት ትልቁ ጠላት መውደቅ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ልንገርዎ። አንደኛ፣ በጀርባ ተኝቶ ትከሻን ወደ ጉልበት የሚያመጣውን የሆድ እንቅስቃሴና ወገብ የሚያጣምመውን ሁሉ ይተዉት፤ የሳሳ አከርካሪን ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ የባር ክብደት በጣም ቀላል ስለሆነ አጥንትን ለማጠንከር ብቻውን አይበቃም። ከበድ ያለ ክብደት ቀስ በቀስ የሚያስለምድዎ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢያገኙ የተሻለ ነው። ባሩን ከዚያ ጎን ለጎን ያድርጉት። ሐኪምዎን ሳያማክሩ ግን አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ወንድ ይገባል? አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን እንዳልሆን ፈራሁ።

ይገባል፣ ወንድሜ። ብቻህን ልትሆን ትችላለህ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ማንም አያይህም፣ ሁሉም በራሱ ጭን ተጠምዷል። ጂም የሚሠሩ ወንዶች ሲመጡ ትልቁን ክብደት ያነሳሉ። ቀለል ያለውን ውሰድ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሒጃብ እለብሳለሁ። ታይትም ምቾት አይሰጠኝም። ደግሞስ አስተማሪዎቹ ሰው ይነካሉ?

ልብሱ ችግር የለውም። ሰፊ ሱሪ ልበሺ፤ ብቻ ተረከዝሽን አይሸፍን፣ ጉልበትሽ ወዴት እንደሚታጠፍም ይለይ፤ አስተማሪዋ አቋቋምሽን የምታርመው እነሱን አይታ ነው። ሒጃብሽ የማይንሸራተት የስፖርት ጨርቅ ቢሆን ይቀልሻል። አዎ፣ አንዳንዶች በእጃቸው ወገብ ወይም ትከሻ ያስተካክላሉ። «በቃል ብቻ አርሚኝ» በያት። ይህ የተለመደ ጥያቄ ነው፣ ማንም አይቀየምም። ወንድ እንዳይኖር ከፈለግሽ ቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ እስክስታ ለሚችል ሰው ይቀላል?

ምቱን ለመያዝ አዎ። ትከሻው ላይ ግን ትቸገራለህ። ባር ትከሻ ወርዶ ጸጥ እንዲል ነው የሚፈልገው። ዘፈኑ ሲሞቅ የሐበሻ ትከሻ እንዴት ዝም ይላል? ክፍሌ ውስጥ ማን ሐበሻ እንደሆነ በዚያ እለያለሁ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ በጾም ወቅት መሥራት እችላለሁ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስም።

በደረቅ ጉሮሮ አልመክርሽም፣ በተለይ ጀማሪ ከሆንሽ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገድፈሽ የማታውን ክላስ ብትይዢ ሁለቱም ይስማማሉ። ግን ከሽሮና ከእንጀራ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቆዪ። ሆድሽ ሞልቶ በሆድሽ ተኝተሽ እግር ማንሳት ምን እንደሚመስል መገመት ትችያለሽ። ረመዳን የምትጾሙም ከፍጥር በኋላ ያለውን ሰዓት ፈልጉ፤ ካልተገኘ ከፍጥር በፊት ባለው ሰዓት ቀለል አድርጋችሁ ሥሩ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይህን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ጥያቄ፦ የአራት ወር እርጉዝ ነኝ።

እንኳን ደስ አለሽ! የእርግዝና ክትትል ሐኪምሽ እሺ ካለች ብዙ ሴቶች ይሠራሉ። ከእንግዲህ በጀርባሽ ተኝተሽ ብዙ አትቆዪ። በእርግዝና ጊዜ መገጣጠሚያ ስለሚላላ ሰውነትሽን እስከ ጥግ አትሳቢ። ለአስተማሪዋ ሆድሽ እስኪታይ ሳትጠብቂ ንገሪያት። ደም ካየሽ፣ ፈሳሽ ከመጣሽ፣ ካዞረሽ ወይም ደረትሽን ካመመሽ አቁመሽ ወዲያው ሐኪም ጋ ደውዪ። ከወለድሽ በኋላ ደግሞ የሆድ ጡንቻሽ መሃል መከፈቱን ሳታስመረምሪ ወደ ሆድ እንቅስቃሴ አትቸኩዪ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ሰፈሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ቤት ውስጥ ይቻላል?

ይቻላል፣ ምንም አይጎድልሽም። ከባድ ወንበር ግድግዳ አስደግፊ። የፕላስቲክ ወንበር እንዳትሞክሪ፣ ይገለበጣል። የሴራሚክ ወለል ከሆነ ካልሲሽን አውልቂና በባዶ እግርሽ ሥሪ። ለክብደት ውኃ የሞላ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በየእጅሽ ያዢ፤ እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት ይህ ይበቃል። ወንበሩን በጣቶችሽ ብቻ ንኪው፣ አትንጠልጠዪበት። ተረከዝሽን አንሺ፣ ጉልበትሽን ትንሽ እጠፊ፣ ግማሽ ደቂቃ ቆዪ። ጉልበትሽን ሙሉ በሙሉ ሳታቀኚ ሃያ ጊዜ በትንሹ ውጪ ውረጂ። አርፈሽ ድገሚው። ከዚያ ፊትሽን ወደ ወንበሩ አዙረሽ አንድ እግርሽን ወደ ኋላ ዘርጊና ከወለሉ ትንሽ አንስተሽ ሃያ ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጊው። እዚህ ላይ ወገብሽ እንዳይጎብጥ፤ ከጎበጠ እግርሽን ዝቅ አድርጊ። በሌላውም እግር እንደዚሁ። ዩቲዩብ ላይ ነፃ ቪዲዮ ሞልቷል። አስተማሪዋ እያወራች ስህተት የምታርመውን እንጂ ዝም ብላ የምታምረውን አትምረጪ።

ጥያቄ፦ ስንት ጊዜ ልሥራ? ክፍያውስ?

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ቀን እየዘለልሽ። እዚህ አሜሪካ ዋጋው ይቆነጥጣል። ግን ብዙ ቦታ ለአዲስ ሰው የመጀመሪያው ቀን ነፃ ወይም በቅናሽ ነው፤ ያንን ተጠቀሚ። ወርኃዊ ውል ከመፈረምሽ በፊት በራሱ ይታደስ እንደሆነና ዘግይተሽ ስትሰርዢ ስንት እንደሚቆርጡሽ አንብቢ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያዬ ነው! ከዚያ በቀጥታ ሰርግ አለብኝ። እችለዋለሁ?

ሰርጉን ትችይዋለሽ። የጡንቻ ሕመሙ የሚብሰው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ ቅዳሜ ማታ ትጨፍሪያለሽ። እሑድ ከአልጋ ስትወርጂ ነው የምታስታውሽኝ። ሰርጉ ላይ ባለ ተረከዝ ጫማውን ተዪው፤ ባትሽ ጠዋት ብዙ ሠርቷል። ስቱዲዮው ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ ስትወርጂ የደረጃውን መደገፊያ ያዢ።